በስልክ አጭር ፊልም ሠርቶ በቴሌግራም ቡድን ማጋራት፦ ከስክሪፕት እስከ ማኅደር

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እጃቸው ላይ ባለው ስልክ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚረዝም ፊልም ሠርተው፣ በቴሌግራም ቡድን ከተሰባሰቡ ሌሎች አማተር ፊልም ሠሪዎች ጋር ለመተያየትና ለመተራረም ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ውድ ካሜራም ሆነ የመብራት ዕቃ አያስፈልግም። ምስል የሚቀርጽ አንድ ስልክ፣ ድምፅ የሚቀዳ ሌላ ስልክ፣ ስልኩን አጽንቶ የሚይዝ ስታንድ፣ እንዲሁም ሥራው ሳያልቅ ለሰው ለማሳየት ፈቃደኛ መሆን ይበቃል። ብዙ የአማተር ፊልሞች የደከሙባቸውን ያህል ሳይሠምሩ የሚቀሩት፣ ሠሪው ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው የሚያሳየው ምንም ነገር መለወጥ በማይቻልበት ሰዓት በመሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም ያልተጠናቀቀውን ቅጂ በጊዜ ለቡድኑ ለማቅረብ እንዲመች ሆኖ የተሰናዳ ነው።

ታሪኩን በእጅ ካለው ነገር መነሣት

ለመጀመሪያ ፊልም ሁለት ሦስት ተዋናይ፣ ሁለት ሦስት ቦታና አንድ ችግር ይበቃል። ታሪኩን ከመጻፍዎ በፊት ያለ ክፍያና ያለ ብዙ ደጅ ጥናት የሚያገኟቸውን ቦታዎች፣ ዕቃዎችና ሰዎች በወረቀት ላይ ይዘርዝሩ፤ ታሪኩንም ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ያውጡት። አስቀድሞ ታሪክ ጽፎ ኋላ ቦታ የሚፈልግ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል።

ለዚህ መመሪያ ምሳሌ እንዲሆነን አንድ ታሪክ እንያዝ። አንድ ወጣት የሰፈሩ ባለሱቅ ጋ ዱቤ አለበት። ደመወዙ ስለዘገየ በሱቁ በር ማለፍ አፍሮ በጀርባ ባለው ጭቃማ መንገድ ዞሮ ወደ ቤቱ ይገባል። አንድ ቀን እናቱ ስኳር እንዲገዛ ትልከዋለች። ባለሱቁ ምንም ሳይናገር የዱቤውን ደብተር ይገልጣል፤ ወጣቱ የሚያየው ግን የእሱ ስም ተሰርዞ፣ ከጎኑ በእናቱ የእጅ ጽሑፍ «ተከፍሏል» የሚል ቃል ተጽፎ ነው። ታሪኩ ከዚህ አያልፍም። የሚነገረው ቃል ጥቂት፣ በምስል የሚታየው ግን ብዙ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል።

ስክሪፕቱ በተለመደው አጻጻፍ ሲጻፍ አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ስለሚሆን፣ ለአራት ደቂቃ ፊልም ከአራት ገጽ አይለፉ። ካሜራ ሊያየው ወይም ማይክ ሊሰማው የማይችለውን ሁሉ ያውጡ። «ወጣቱ አፍሯል» የሚለው ዓረፍተ ነገር አይቀረጽም፤ «ሱቁ ሲደርስ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አድርጎ መንገዱን ይቀይራል» የሚለው ግን ይቀረጻል። ስክሪፕቱን ከቀረጻ በፊት ለሁለት የቡድኑ አባላት ይላኩና ታሪኩን በራሳቸው ቃል በድምፅ መልእክት እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። መልሰው የሚነግሩዎት እርስዎ ካሰቡት የተለየ ከሆነ ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ወረቀት ላይ ማስተካከል ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ፈቃድ

ተዋናዮቹ ፊልሙ በኢንተርኔት እንደሚወጣ አውቀው መስማማታቸውን በአንድ ገጽ ጽፈው ይፈርሙ፤ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርም። የሱቁን ወይም የቤቱን ባለቤት ቀረጻው ስንት ሰዓት እንደሚወስድና ምን እንደሚያስተጓጉል ሳይደብቁ ይንገሩ። በመንገድና በአደባባይ ለመቅረጽ አስቀድሞ ወረዳውን ወይም የአካባቢውን ፖሊስ መጠየቅ፣ ወታደራዊ ቦታዎችን፣ የመንግሥት ተቋማትንና የባንክ በሮችን ከካሜራው ዕይታ ማውጣት ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ግቢ የሚቀረጽ ነገር ካለ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከአስተዳደሩ ነው። ድሮን የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ ለመጀመሪያ ፊልም አለማሰቡ ይሻላል።

ስልኩን ለቀረጻ ማዘጋጀት

ስልክዎ ከፋብሪካ ሲወጣ በተሰጠው አሠራር ከቀረጹ በቤት ውስጥ ምስሉ ላይ ጥላ የመሰሉ መስመሮች ሲንቀሳቀሱ ሊያዩ ይችላሉ። ምክንያቱ መብራቱ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ ብዙ አምፖሎች፣ በተለይ ርካሽ ኤልኢዲዎችና ፍሎረሰንቶች፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ። ዓይናችን ይህን አያየውም፤ የካሜራው ሻተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ግን ከዚህ ጋር ካልገጠመ ይይዘዋል። መፍትሔው ሻተሩን በአንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ላይ መቆለፍና በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) መቅረጽ ነው። ይህን ለማድረግ የስልኩ ካሜራ «ፕሮ» የሚል ምርጫ ከሌለው ኦፕን ካሜራ የሚባለው የአንድሮይድ አፕ ወይም ብላክማጂክ ካሜራ የተባለው አፕ በነፃ ይገኛሉ። ስልክዎ 25 ፍሬም ከሌለው በ30 ይቅረጹ፤ ሻተሩ በአንድ ሃምሳኛ እስከተቆለፈ ድረስ መስመሩ ይጠፋል።

ይህ ጉዳይ አባላቱ በተለያየ አገር ለሚኖሩ ቡድን ይበልጥ ያስፈልጋል። በእስራኤል፣ በአውሮፓና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ኤሌክትሪኩ እንደ ኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ሲሆን፣ በአሜሪካና በሳዑዲ ዓረቢያ ግን 60 ኸርዝ ነው። አንዱ ትዕይንት አዲስ አበባ፣ ሌላው ዋሽንግተን የሚቀረጽ ከሆነ ሁሉም በ25 ፍሬም ይስማማና፣ አሜሪካና ሳዑዲ ያሉት ሻተራቸውን ብቻ በአንድ ስልሳኛ ላይ ያድርጉ። እንዲህ ካልተስማሙ ኤዲቲንግ ላይ የሚገጥመው የሚንቀጠቀጥ እንቅስቃሴ በኋላ በቀላሉ አይስተካከልም።

የምስሉን መጠን በ1080 (ፉል ኤችዲ) ያድርጉት። በዚህ መጠን አንድ ደቂቃ ቀረጻ በብዙ ስልኮች ወደ 130 ሜጋባይት ስለሚይዝ 40 ደቂቃ ቢቀርጹ 5.2 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ 10 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ካለዎት አይጨናነቁም። ከ1080 የሚበልጠው ፎርኬ (4K) ስልኩን ይሞላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ለመላክም ያስቸግራል፤ በስልክ ለሚታይ አጭር ፊልም ደግሞ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ከእያንዳንዱ ሾት (ሳይቋረጥ የሚቀረጽ አንድ ቁራጭ) በፊት የተዋናዩን ፊት በስክሪኑ ላይ ተጭነው በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ስልኩንም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት።

ብርሃን

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከራስ በላይ ትሆናለች፤ የተዋናዩ ዓይኖች በጥላ ይዋጣሉ፣ ግንባሩ ደግሞ ይነጣል። ስለዚህ የውጭ ትዕይንቶችን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይያዙ። የምሽቱ ብርሃን ፈጥኖ ስለሚያልቅ ሰፊዎቹን ሾቶች አስቀድመው፣ ፊት ላይ የሚያተኩሩትን ለመጨረሻ ይተዉ። እኩለ ቀን ላይ መቅረጽ ግድ ከሆነ ተዋናዩን ወደ በረንዳ ጥላ ያስገቡትና በተቃራኒው በኩል ነጭ አንሶላ ዘርግተው ብርሃኑ ወደ ፊቱ እንዲመለስ ያድርጉ። በቤት ውስጥ አምፖሉን አጥፍቶ ተዋናዩን ከመስኮት አጠገብ በሰያፍ ማስቀመጥ ከብዙ መብራት የተሻለ ፊት ይሰጣል።

ድምፅ

ተመልካች ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ቃል ግን አይታገሥም። ከምስሉ ይልቅ ለድምፁ መጨነቅ እንዳለብዎ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ ስልክ የሚቀዳው ከቃሉ ይልቅ ክፍሉን ነው። ሁለተኛውን ስልክ ድምፅ መቅጃውን ከፍተው በተዋናዩ የደረት ኪስ ውስጥ፣ ማይኩ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ያስቀምጡት፤ ወይም ገመድ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ማይክ በልብሱ ስር አሳልፈው ኮሌታው አጠገብ በፕላስተር ይለጥፉ። ሸሚዙ ማይኩን እንዳያሽ ተዋናዩ ሁለት እርምጃ ተራምዶ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ የተቀዳውንም በጆሮ ማዳመጫ ያድምጡ። ይህን ሙከራ ሳያደርጉ ቀረጻ አይጀምሩ።

ካሜራውም ድምፅ መቅጃውም ሥራ ከጀመሩ በኋላ አንድ ሰው የሾቱን ቁጥር ጮክ ብሎ ተናግሮ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ያጨብጭብ። እጆቹ የተጋጠሙበት ፍሬምና በድምፅ መስመሩ ላይ የሚታየው ሹል ጫፍ ሲገጣጠሙ ሁለቱ ቅጂዎች አብረው ይሄዳሉ። ስልኮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍሬሙን በእኩል ፍጥነት ስለማይቀርጹ፣ መጀመሪያው ገጥሞ መጨረሻው ላይ አፍና ቃል ሊለያዩ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ፋይሉን ኤዲቲንግ ከመጀመርዎ በፊት ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም አስገብተው ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ይለውጡት። ሾቶቹን ከሁለት ደቂቃ በታች ማድረግም ልዩነቱ እንዳይሰፋ ይረዳል።

የአካባቢውን ድምፅ አስቀድመው ያጥኑ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ በክረምት ከሰዓት በኋላ ንግግር ያለበት ትዕይንት አይያዙ። ንግሥ ወይም በዓል ባለበት ዕለት፣ በአካባቢው ጄኔሬተር በሚነሣበት ወይም ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓትም እንዲሁ። ፍሪጅ ድምፁ ትንሽ ይመስላል፤ ኤዲቲንግ ላይ ግን ቃል በተቆረጠ ቁጥር ይሰማል። ሶኬቱን ይንቀሉና የቤትዎን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ቁልፉን ሲፈልጉ መልሶ መሰካቱ ትዝ ይልዎታል። ትዕይንቱ ሲያልቅ ሁሉም ባለበት ቆሞ ዝም ይበልና የክፍሉን ጸጥታ ለ30 ሰከንድ ይቅዱ። በቃልና በቃል መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላልዎ ይኸው ቅጂ ነው።

ቀረጻው

ከላይ ያነሣነውን የደብተር ትዕይንት እንውሰድ። መጀመሪያ ወጣቱንም፣ ባለሱቁንም፣ በመካከላቸው ያለውን ባንኮኒም የሚያሳይ ሰፊ ሾት ትዕይንቱን ከዳር እስከ ዳር እየተጫወቱ ይቅረጹ። ቀጥሎ ከባለሱቁ ትከሻ በላይ የወጣቱን ፊት፣ ከዚያም ከወጣቱ ትከሻ በላይ የባለሱቁን ፊት ይያዙ። በመጨረሻ የባለሱቁ ጣት ቅጠሉን ሲገልጥ፣ በእርሳስ የተጻፈው ስም፣ የተሰረዘበት መስመር፣ ከጎኑም ያለው ቃል በቅርበት ይቀረጽ። የፊልሙ ክብደት ያለው እዚህች ደብተር ላይ ስለሆነ አዲስ ደብተር ገዝተው አይምጡ። ጠርዙ የተጣጠፈ፣ ዘይት የነካው፣ የብዙ ሰው ስም በተለያየ እስክሪብቶ የተጻፈበት ይሁን። የእውነተኛ ሰዎች ስምና ዕዳ ያለበትን የሱቁን ደብተር ግን አይቅረጹ፤ በሚመስለው ይተኩት።

በሁለቱ ሰዎች መካከል የተዘረጋ መስመር እንዳለ አስበው ካሜራውን ሁልጊዜ ከመስመሩ አንድ ወገን ብቻ ያቁሙ። መስመሩን ከተሻገሩ ሁለቱ ሰዎች እየተያዩ ሳለ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከቱ ይመስላሉ። መንገድ ላይም ሕጉ ያው ነው፤ ወጣቱ ከስክሪኑ በቀኝ ከወጣ በሚቀጥለው ሾት በግራ ይግባ። እያንዳንዱን ሾት ተግባሩ ከመጀመሩ አምስት ሰከንድ ቀድመው ያስጀምሩ፣ ካለቀም በኋላ አምስት ሰከንድ ይቆዩ። በየትዕይንቱ መጨረሻ የተዋንያኑን ልብስና የዕቃውን አቀማመጥ ፎቶ ያንሡ፤ በሌላ ቀን ሲመለሱ ኮፍያው የት እንደነበረ ማንም አያስታውስም። ቦታውን ከመልቀቅዎ በፊት የቀረጹትን አንድ በአንድ ይመልከቱ።

ኤዲቲንግና ያልተጠናቀቀው ቅጂ

በስልክ ለመሥራት ካፕከት ወይም ካይንማስተር፣ በኮምፒውተር ለመሥራት ነፃው የዳቪንቺ ሪዞልቭ ቅጂ ወይም ኬደንላይቭ ይሆናል። ነፃው ካይንማስተር አርማውን ምስሉ ላይ እንደሚያትም ይወቁ። በሪዞልቭ ፋይሎቹን ከማስገባትዎ በፊት የፕሮጀክቱን ፍሬም 25 ያድርጉ፤ ከገቡ በኋላ አይለወጥም።

በመጀመሪያ የተሻለውን አጫዋወት መርጠው በስክሪፕቱ ቅደም ተከተል ይደርድሩ። ቀጥሎ ትዕይንቱ ሳይጎዳ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ ያውጡ፤ ሰው በር ከፍቶ ሲገባና ሲቀመጥ ማሳየት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ከዚያ ድምፁን ያስተካክሉ። ሙዚቃ ግን በዚህ ደረጃ አያስገቡ። ሙዚቃ የተንዛዛውን ሾት ያጠረ፣ ያልተሰማውንም ስሜት ያለ አስመስሎ ስለሚያሳይ፣ ቡድኑ ፊልሙን ሳይሆን ዘፈኑን አድምጦ «በጣም ቆንጆ ነው» ይልዎታል።

ያለ ሙዚቃና ያለ ቀለም ማስተካከያ የተሠራውን ይህን ቅጂ በ720 መጠን፣ ቢትሬት በሚለው ምርጫ በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት አድርገው ያውጡት። አራት ደቂቃው 75 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በሞባይል ዳታ የሚያዩት አባላት እንዳይከብዳቸው ይህን ማሰብ ለሰው ጊዜና ገንዘብ ማክበር ነው። ሳይወርድ እንዲታይ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ቪዲዮ ይላኩት። ቅጂው ከቡድኑ ውጭ እንዲዞር ካልፈለጉ የቡድኑ ባለቤት በቡድኑ ማስተካከያ ውስጥ ማስተላለፍንና ማስቀመጥን መከልከል ይችላል።

ከቪዲዮው በታች ታሪኩን አይግለጹ፤ ተመልካቹ ከፊልሙ እንጂ ከእርስዎ ማብራሪያ መረዳት የለበትም። በምትኩ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጻፉ። ለምሳሌያችን እነዚህ ይሆናሉ፦ ወጣቱ ሱቁን የሚሸሸው ለምን እንደሆነ የገባችሁ በየትኛው ደቂቃ ላይ ነው? ትኩረታችሁ የላላው የት ላይ ነው? ያልተሰማችሁ ቃል አለ? «እንዴት አያችሁት?» የሚል ጥያቄ ምስጋና እንጂ መረጃ አያመጣም። መልስ የሚሰጥበትን ቀንም ይወስኑ፤ አንድ ሳምንት ይበቃል።

አስተያየት ሰጪዎችም ኃላፊነት አለባቸው። ደቂቃውን መጥቀስ የመጀመሪያው ነው፤ በቴሌግራም ለቪዲዮው ምላሽ ሲሰጡ «1:42» ብለው ቢጽፉ ቁጥሩ ራሱ ሊንክ ሆኖ ወደዚያ ሰከንድ ይወስዳል። ሁለተኛው ያዩትን መናገር ነው። «ወንድሜ፣ 1:42 ላይ ልጁ ወዴት እንደሄደ ጠፋብኝ፤ በቀኝ ወጥቶ ተመልሶ በቀኝ ገባ» የሚለው አስተያየት ሠሪውን በቀጥታ ወደ ስሕተቱ ይመራዋል። «ካሜራህ ደካማ ነው» የሚለው ግን የትም አያደርሰውም። ታላቆችን በአክብሮት መጥራት፣ አዲስ የገባን አባል በሌሎች ፊት አለማሸማቀቅ የቡድኑ ልማድ ሊሆን ይገባል። አንድ ሰው ሲሸማቀቅ ያዩ ሌሎችም ያልተጠናቀቀ ሥራቸውን ማሳየት ይተዋሉና።

እርስዎ ደግሞ የወሰኑት ቀን እስኪደርስ መልስ አይስጡ፣ አይከራከሩም። ሁሉንም አስተያየት በደቂቃው ቅደም ተከተል ይገልብጡት። ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ፣ የሚያቀርቡት መፍትሔ የተለያየ ቢሆን እንኳን እዚያ ቦታ ላይ ችግር አለ። መፍትሔውን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። አንድ ሰው ብቻ ያነሣውንና ልብዎ ያልተቀበለውን ቢተዉት ነውር የለበትም። አንድ ሾት እንደገና መቅረጽ ካስፈለገ ያን የልብስ ፎቶ ይዘው ይመለሱ።

ሙዚቃና የቅጂ መብት

የታወቀ ዘፈን ማስገባት የብዙ ጀማሪዎች ፍላጎት ነው፤ ግን የሌላ ሰው ንብረት ነው። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ሥራ አመንጪ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አቀናባሪውና ድምፁን ያሳተመውም የየራሳቸው መብት ሊኖራቸው ይችላል። ዩቲዩብም ኮንቴንት አይዲ በተባለው ሥርዓት ዘፈኑን ለይቶ ማስታወቂያውን ለባለመብቱ ሊያደርገው ወይም ፊልሙን ሊያግደው ይችላል። የተሻለው መንገድ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት የቡድን አባል ፊልሙን እያየ አዲስ ዜማ እንዲጫወትልዎ መጠየቅና በጽሑፍ መስማማት ነው። ካልተገኘ የዩቲዩብ ኦዲዮ ላይብረሪ አለ።

የግርጌ ጽሑፍና ሥርጭት

በውጭ አገር ላሉና አማርኛ በደንብ ለማይገባቸው ልጆች፣ መስማት ለተሳናቸውም ተመልካቾች፣ የግርጌ ጽሑፍ ፊልሙን ይከፍትላቸዋል። በአማርኛ፣ እንደ ቡድኑ አባላት ብዛትም በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ይሥሩት። ጽሑፉን ኤስአርቲ (SRT) በተባለው የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ዓይነት ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) የሚለውን የፊደል ምርጫ ይያዙ፤ አለዚያ ፊደሎቻችን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ። የኤዲቲንግ አፑ የግዕዝ ፊደልን ባዶ ሳጥን አድርጎ ካሳየ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ነፃ ፎንት ያስገቡለት። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አያሳዩ።

የመጨረሻውን ቅጂ በ1080፣ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ያውጡ፤ ለአራት ደቂቃ 240 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በዩቲዩብ መጀመሪያ ሊንኩ ያለው ብቻ በሚያየው ምርጫ ያስቀምጡትና የመብት ምርመራው እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ ከዚያ ይፋ ያድርጉት። ፌስቲቫል ላይ የማወዳደር ሐሳብ ካለዎት ይህን ከማድረግዎ በፊት ደንባቸውን ያንብቡ፤ አንዳንዶቹ አስቀድሞ በኢንተርኔት ይፋ የወጣ ፊልም አይቀበሉም። በቴሌግራም ሲልኩት በዚህ ጊዜ እንደ ፋይል ይላኩት፤ ጥራቱ ሳይነካ ይደርሳል፣ በነፃ አካውንት እስከ 2 ጊጋባይት ይፈቀዳል። ፊልሙ ያበቃበት ስክሪን ላይ ቤቱን ለቀረጻ የፈቀደውን፣ ምሳ ያቀረበውንና ያልተጠናቀቀውን ቅጂ አይቶ አስተያየት የሰጠውን ሁሉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ በስም ይጥቀሱ።

ስልኩን ባዶ ከማድረግዎ በፊት የቀረጻውን ፋይሎች፣ ፕሮጀክቱን፣ የግርጌ ጽሑፉን፣ የተፈረሙትን ፈቃዶችና ሁለት የመጨረሻ ቅጂዎች፣ አንዱን ከሙዚቃና ከጽሑፍ ጋር፣ ሌላውን ያለ ሁለቱም፣ በአንድ ፎልደር ያሰባስቡ። ፎልደሩን በፊልሙ ርእስና በዓመተ ምሕረቱ ይሰይሙት። ከዚያም አንዱን ቅጂ በኮምፒውተር፣ ሁለተኛውን በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛውን በሌላ ቤት በሚኖር የቡድኑ አባል ዘንድ ወይም በኦንላይን ማከማቻ ያኑሩ፤ ሦስቱም እንደሚከፈቱ ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ፋይሎቹን ከስልኩ ላይ ያጥፉ።